ምንም አልተገኘም

እትዬን ማታለል አይቻልም ይባል ነበር። ይህን ወሬ የነዙት በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እትዬ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ስሟን የሚያውቅ ቢኖርም በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ በር ጠባቂው «እትዬ» ነው የሚላት። አንሶላውን ትገልጣለች፣ ፎጣውን ታሸታለች፣ ከዚያ ፍርዷን ትሰጣለች። «ሻይ ፈሰሰብኝ አለ? የፀጉር ቀለም ነው እንጂ! ሽበቱን የደበቀ ሰው እድፉን መደበቅ ያቅተዋል?»

ቤቷም ያው ነው። ጡረታ የወጣው ባሏ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ቀልደኛ ሰው፣ «አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ ሁላችንም ታስረን የእስር ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ይጠፋ ነበር» ይላታል። እሷ አትስቅም። ስኳሩን ለክታ ወደ ቁም ሳጥን ትመልሳለች።

ልጅ አልወለዱም። እትዬ እንደ ልጅ ያሳደገችው ታናሽ እህቷን ነው። እናታቸው ድንገት ሲሞቱ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም ነበር፤ እትዬም የራሷን ልጅነት ሳትጨርስ እናት ሆነች። ሕፃኗ ስታድግ ሳቋ ከግቢ አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ሆነና «ሳቂታ» የሚል ስም ወጣላት። ሳቂታ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆነች፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷን ሁሉም ሚጣ ይላታል።

እትዬ ኤሌክትሪሺያኑን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ምክንያቱን ስትጠየቅ «ዝምተኛ ነው» ነበር መልሷ። «ዝም የሚል ሰው በሆዱ ምን እንደያዘ ማን ያውቃል?»

አንድ ማለዳ ያ ዝምተኛ ሰው ደወለ። «እትዬ፣ ይምጡ» ብቻ አለ።

እትዬ ስትደርስ ሳቂታ አልጋዋ ላይ ናት፤ ጎረቤት ሞልቷል፤ አምቡላንስ መጥቶ ሄዷል። ሰውየው ጥግ ይዞ ቆሟል። አያለቅስም። እትዬ ይህን አየችና ልቧ ውስጥ አኖረችው።

«ምን ሆነች?»

«የስልኩ ደወል ጮኸ» አለ። «ለሥራ የሚቀሰቅሳት። ብንን አለች፣ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች... ከዚያ ተዝለፈለፈች።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። ብጠራት፣ ብነቀንቃት...»

ሰው በስልክ ደወል ይሞታል እንዴ? እትዬ ይህን ጥያቄ ያን ዕለት ጮክ ብላ አልጠየቀችም፤ የምታለቅሰው ለቅሶ ነበራት። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ።

ሟች ወጣት ስለሆነችና ታማ ስለማታውቅ አስከሬኗ ተመረመረ። ውጤቱን የነገራቸው ሐኪም ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ ያደርጋል፣ ደግሞ ያወልቃል። «ልቧ ጤነኛ ነው። ሳንባዋም፣ አንጎሏም። ደሟ ውስጥ መርዝ የለም። ከደሟ ጥቂት አስቀምጠናል፣ ምናልባት ወደፊት... አሁን ግን ምንም አልተገኘም።»

«ምንም?» አለች እትዬ።

«ምንም።»

«ጤነኛ ሰው በጤናው ይሞታል?»

ሐኪሙ መነጽሩን አደረገ። «አንዳንዴ ይሆናል» አለ። የሚያፍር ይመስል ነበር፤ እትዬ ግን ለእፍረቱ ሌላ ትርጉም ሰጠችው።

ሚጣ እትዬ ቤት ሰነበተች። የልጅቷን ልብሶች ለማምጣት እትዬ ሳታስታውቅ ወደ እህቷ ቤት የሄደችው ለቅሶው ገና ሳይበርድ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ ነጭ አቧራ፣ አቧራው ላይ የጫማ ዳና። ከመኝታ ቤቱ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። እትዬ ጫማዋን አውልቃ በካልሲዋ ገባች።

ኤሌክትሪሺያኑ አልጋውን ወደ መሃል ስቦ፣ ከራስጌው በኩል ተንበርክኮ፣ ግድግዳውን በመሮ ይፈለፍላል። ልስኑ ከሶኬቱ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ሽቦዎቹ እንደ አንጀት ተዘርግፈው ተንጠልጥለዋል። ሲያያት ክው አለና በእጁ የያዛትን ነገር ኪሱ ከተታት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም፣ እትዬ። ሽቦ... ሽቦ እየቀየርኩ ነው።»

«አሁን? ሚስትህን ቀብረህ ሳትጨርስ?»

ፊቱ ላይ አቧራውና ላቡ ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል።

እትዬ የሚጣን ልብስ ረሳችው። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፤ መንገድ ላይ ነው ያጠለቀችው። ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ተዘረጋ። ኮረንቲ! ማን ነው ኮረንቲን ከእሱ በላይ የሚያውቅ? ራስጌዋ ላይ የሆነ ነገር አጥምዶ፣ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ... አሁን ደግሞ ማስረጃውን ከግድግዳው እየነቀለ ነው። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

መርማሪው ወጣት ነው፤ በጥሞና ሰማት። ሰውየውን አስጠራው፣ ለቀናትም አቆየው። ባለሙያ ልኮ ሽቦውንና ሶኬቱን አስፈተሸ። ኪሱ የከተታት ነገር የኮረንቲ መሞከሪያ እስክሪብቶ ሆና ተገኘች። በመጨረሻ እትዬን ጠርቶ «እናቴ፣ መስመሩ ንፁህ ነው፤ ቆዳዋም ላይ የቃጠሎ ምልክት አልነበረም። ምንም አልተገኘም» አላት።

ያ ቃል ሁለተኛ መጣ። እትዬ አመስግና ወጣች፤ በልቧ ግን፦ «ብልጥ ነው። ከእናንተ ቀድሞ አጽድቶታል።»

ከዚያ በኋላ ወሬውን እሷው ታዞረው ጀመር። «ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» እያለች ለሁሉም ነገረች፤ ለልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች፣ ለሰፈሩ ሱቅ ባለቤት፣ ለሚጣ ትምህርት ቤት ጥበቃ ሳይቀር። ብዙም ሳይቆይ ኤሌክትሪሺያኑ በሰፈሩ «ሚስቱን በኮረንቲ የጨረሰ» ሆነ። አዲስ ፎቅ የሚያሠሩ አንድ ባለሀብት እሱ ጀምሮት የነበረውን የኮረንቲ መስመር አስቁመው ሌላ ሰው አስገቡ። ጎረቤት አምፖል ሲቃጠልበት እንኳ አይጠራውም።

ባሏ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ካልሆነስ?» አላት።

«ምን ካልሆነ?»

«ካልገደላትስ?»

«ታዲያ ምን ገደላት?»

ሾፌሩ ትከሻውን ሰበቀ። እትዬም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ መልስ የሌለው ሰው ዝም ይበል።

ሰውየው እንደገና በሯ ላይ ሲቆም ከሸሚዙ በቀር የቀረ አይመስልም፤ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ይዋኛል። «እትዬ፣ ስለ ሚጣ ነው የመጣሁት» አለ። እንዲቀመጥ አልጋበዘችውም፤ እንደቆመ ተናገረ። በሆስፒታሉ አንዲት የልብ ሐኪም ጥናት እያካሄደች ነው። ወጣት ሆነው ድንገት ስለሞቱና በአስከሬን ምርመራ ምንም ስላልተገኘባቸው ሰዎች ነው። ቤተሰቦቻቸውን ትመረምራለች፤ የልብ ምታቸውን ታነባለች፣ ደም ትወስዳለች። የሳቂታንም የተቀመጠ ደም ልታየው ነው። «ከእናት ወገን ያለ ሰው ያስፈልጋል ብላለች። እርስዎ። ሚጣም።»

«አሃ!» እትዬ እጇን አጨበጨበች። «ከእናት ወገን! ጥፋቱን በእኛ ደም ልታላክክ! ደማችንን ደግሞ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«እትዬ፣ ስለ ሚጣ...»

«የሚጣን ስም በአፍህ አትጥራ። ውጣልኝ!»

ወጣ። ቃሉ ግን አብሮት አልወጣም። እትዬ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ነገሩን ስታገላብጥ ዋለች፤ በማግስቱም ሄዳ ልታጋልጣቸው ወሰነች። ሁለቱ ተመካክረው ከሆነ ከሐኪሟ ፊት ላይ ታነበዋለች።

የሐኪሟ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ የማሽን ሣጥን ተቀምጦበታል፣ ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ሐኪሟ ቀጭን፣ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ የሌላት የምትመስል ሴት ናት። እትዬን ግን አስቀምጣ ራሷ የሣጥኑን ጠርዝ ተደገፈች።

«ከእሱ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?» አለች እትዬ ገና ሳትደላደል።

«እኔ ነኝ የጠራሁት። እንዲህ ያለ ሞት ሲኖር ቤተሰቡን እንጠራለን።»

«እህቴ ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

«ልክ ነው። በአስከሬን ላይ የሚታየው ሥጋው ነው፤ የተደፈነ የደም ሥር፣ ያበጠ ጡንቻ። ልብን የሚያስመታው ግን ኤሌክትሪክ ነው። እሱ ሰው ሲሞት አብሮ ይጠፋል፣ በቢላ ቢፈልጉት...»

እትዬ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አሉኝ? ኤሌክትሪክ አሉኝ?»

«አዎ፣ እያንዳንዳችን ልብ ውስጥ...»

«እሱ ነው ይህን ያስጠናዎት! ኮረንቲው የራሷ ነበር ልትሉኝ ነው? እህቴን የራሷ ኮረንቲ ያዛት?»

ሐኪሟ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «እናቴ፣ አንድ ነገር አገኛለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ከምናያቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ምክንያቱ ሳይገኝላቸው ይመለሳሉ። ግን ልጅቷን ብቻ እንኳ ልያት። ሽቦ ደረቷ ላይ ለጥፈን...»

«ሽቦ!» አለች እትዬ፣ በሩን ከኋላዋ ወርውራው ወጣች። ለባሏ ስትነግረው ሾፌሩ ሳቁን ለመዋጥ ሲል አሳለው። «መቼም» አላት፣ «ያቺ ሴትዮ ሌላ ቃል ብትመርጥ ጥሩ ነበር።»

አባት ልጁን እንዳያይ መከልከል ግን አልቻለችም፤ ሾፌሩ «ይሄን አላደርግም» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ጉብኝቱ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ባለችበት፣ ሳሎን ውስጥ ሆነ። አባትና ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቤት ይሠራሉ፤ እትዬ ከሶፋው ላይ ዓይኗን አትነቅልም።

አንድ እሁድ የታሸገ የማንጎ ጭማቂ ይዞ መጣ። እትዬ ተቀብላ ክዳኑን አዟዟረችው፣ ማሸጊያውን በጥፍሯ ፈተሸችው፣ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዛ አየችው። ምንም አላገኘችበትም። ሚጣ ጠጣች። አባቷ ግንባሯን ስሞ ሄደ።

እትዬ ማሽኖቹ በሚያጓሩበት ክፍል ስለምትውል ስልኳን የምታስጮኸው እስከ ጥግ ነው። ሚጣ ከጎኗ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል ስልኩ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ አምባረቀ። የሆቴሉ ሰው ነበር፣ ሳሙና አልቋል ሊላት። እትዬ «ሃሎ» ከማለቷ ሚጣ ብንን ብላ ቁጭ አለች፤ ዓይኖቿ ወደ ላይ ተገለበጡ፤ ከዚያ እንደ እርጥብ ፎጣ ምንጣፉ ላይ ተዘረረች። ከንፈሯ ጠቆረ።

እትዬ ጮኸች። ሾፌሩ ከውጭ ሮጦ ገባ፣ ልጅቷን አነሳት፤ እጁ ላይ እንዳለች አንድ ጊዜ ተንደፋደፈችና ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው አየር ሳበች። «እትዬ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ምን ሆንኩ?»

እትዬ ግን ምን እንደሆነች ታውቃለች። የተረፈውን ጭማቂ በጠርሙሱ ይዛ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ፣ ድንገተኛ ክፍል ደረሰች። «መርዝ ነው! አባቷ ነው! እናቷንም እሱ ነው!» በበሩ ላሉት ጥበቃዎች ሰውየው ከመጣ እንዲይዙት ነገረቻቸው። ሾፌሩ ደውሎለት ኖሮ ኤሌክትሪሺያኑ እየሮጠ መጣ፤ ጥበቃዎቹም ያዙት። ከብረት አጥሩ ውጭ አቆሙት። በፍርግርጉ ጣቶቹን አስገብቶ «ልጄን! ልጄን ብቻ ልያት!» ሲል የሚያልፍ የሚያገድመው ቆሞ ያየዋል።

ውስጥ ያለው ወጣት ሐኪም ሚጣ ደረት ላይ ሽቦዎቹን እየለጠፈ «ከመውደቋ በፊት ምን ነበር?» አለ።

«ጭማቂ ጠጣች አልኩህ!»

«ስልክ ጮኸ» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ዝም በል!»

«አልልም። እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። ስልክሽ ጮኸ፣ ወዲያው ወደቀች።»

የስልኩ ደወል ጮኸ፣ ብንን አለች፣ ተዝለፈለፈች። እትዬ ይህን ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። ከማን እንደሰማችውም ታውቃለች። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ወጣቱ ሐኪም ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ደጋግሞ አየ። ከዚያ ስልክ ደወለ። የመጣችው ያቺው ቀጭኗ የልብ ሐኪም ናት። እትዬን አየቻት፤ ስለ ባለፈው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረበች።

«ጭማቂው ንፁህ ይሁን አይሁን ይመረመራል» አለች። «እኔ የማየው ግን ይኸውና። ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ይዘጋጃል። የዚህች ልጅ ልብ ዝግጅቱ ይረዝምበታል። በዚያ መሃል ድንገት ከደነገጠች ምቱ ይዘበራረቃል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ ዛሬ ተመልሷል። አንዳንዴ አይመለስም።» ቀና አለች። «አባቷ የት ነው?»

ሾፌሩ ሚስቱን አየ። እትዬ መሬት መሬቱን እያየች ወጣች፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ በግቢው አልፋ፣ ጥበቃዎቹን «ልቀቁት። የእኔ ጥፋት ነው» አለቻቸው። ኤሌክትሪሺያኑ በአጠገቧ አልፏት ሮጠ።

ጭማቂው ጭማቂ ብቻ ነበር። ሚጣ ሆስፒታል ተኝታ ልብ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተጀመረላት። እትዬም እጅጌዋን ሰብስባ ደም ሰጠች፣ ጋደም ብላ ደረቷን ገለጠች። የሳቂታ ደም፣ የሚጣ ደም፣ የእትዬም ደም ላይ ያው አንድ እንከን በዘራቸው ተጽፎ ተገኘ። የአባትየው ልብ ንፁህ ሆነ። እትዬ ይህን ስትሰማ ከእፍረቷ በፊት የመጣባት ፍርሃት ነበር፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ያን ስልክ ኪሷ ውስጥ ስታስጮኸው ኖራለች።

ሐኪሟ በወረቀት ላይ የቤተሰቡን ዘር እየሣለች «እናታችሁስ በምን ሞቱ?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ሁልጊዜ እንደምትለው «ጎረቤታችን ናት የገደለቻቸው» አለች። «ገንፎ አብልታቸው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ሲሞቱ እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ?»

«ነበርኩ። ሕፃኗን ታቅፈው አጠገቤ ተኝተው ነበር። ነፋስ ነበር... የብረቱ በር ተላተመ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በሩ ሲላተም ብድግ አሉ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእናትዎን ደም አላየሁትም፤ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለች። «ይመስላል ግን። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ለሴቶች ይበልጥ ያስፈራል።»

ያቺ ጎረቤት ሰፈሩ ፊቱን አዙሮባት፣ ልጆቿን ይዛ ቤት ለቃ ሄዳለች። እትዬ ያኔ በሯ ላይ ድንጋይ ከወረወሩት ልጆች አንዷ ነበረች። ይህን ለሐኪሟ አልነገረቻትም።

ኮሪደሩ ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ አንድ ወንበር ትታ ተቀመጠች። «ያን ግድግዳ ለምን ፈለጥከው?» አለችው።

«ገደልኳት ብዬ ነዋ» አለ ሳያያት። «ያን መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሶኬቱን ከራስጌዋ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ስልኳን እንድትሰካበት። የተላጠ፣ ኮረንቲ የሚያሾልክ ሽቦ ይኖራል ብዬ ፈለግሁ። ባገኝ በእግሬ ፖሊስ ጋ ልሄድ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሲመጡብኝ ምንም አላገኘሁም ነበር። ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ያውቃሉ? ቢያንስ ምክንያት ይኖረኝ ነበር።»

እትዬ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እሱም አላባበላትም።

ይቅርታ መጠየቁ እንደ ማማቱ አልቀለላትም። ማሽኖቹን ሁሉ አስጠፍታ ለሴቶቹ «ሰውየው ንፁህ ነው፣ የዘር በሽታ ነው፣ እኔም አለብኝ» ብላ ተናገረች። ፊት ለፊት «እግዜር ይመስገን» አሏት፤ ዞር ሲሉ «አስፈራርቷት ነው» ተባባሉ። የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት ደግሞ «ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸው ነው» አለች። እትዬ ይህን ስትሰማ ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ማንን ትቆጣ? እንዲህ ማሰብን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ፎቅ የሚያሠሩት ባለሀብት ዘንድ ሄዳ በራቸው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰምተዋት ሲያበቁ ሥራው አልቋል፣ ለሚቀጥለው እናያለን አሏት። የሚቀጥለው ቆይቶም ቢሆን መጣ።

ሚጣ ወደ አባቷ ተመለሰች። ትምህርት ቤቱ ደወሉ ከክፍሏ በር ራስ ላይ ተነስቶ ወደ ግቢው ማዶ እንዲሄድ ፈቀደ፤ የነቀለውም የሰቀለውም አባቷ ነው። እትዬ ክኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ ከመድኃኒት ቤቱ ግን አሁንም ማሸጊያውን በጥፍሯ ፈትሻ ነው የምትቀበለው። «ይሄም በዘር ነው?» ይላታል ሾፌሩ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲያያት ሰላም ይላታል። ከዚያ አያልፍም ነበር። ሐኪሟ የእናታቸው ወገን ሁሉ ይመርመር ብላ ስታሳስብ እትዬ የአጎቷን ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋን፣ በስልክ ለመነቻት። «ደማችንን ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለቻት የአጎቷ ልጅ፣ ስልኩንም ዘጋችባት። ሦስት ልጆች አሏት። እትዬ ይህን ለሚጣ አባት ስትነግረው «አብረን እንሂድ» አላት። «ሽቦውንም ምቱንም ሐኪሟ በደንብ አስረድታኛለች፤ ለዘመድዎ እኔ እነግራታለሁ።»

«ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?»

«ይቅር አላልኩዎትም፣ እትዬ» አለ። «ገና ነኝ። ግን ልጆች አሏት።»

ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተች። የመርፌ ክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬን አየች፣ ከኋላዋ ያለውን ሰው አየች፣ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ሚስቱን የገደለው አይደለም? ምን ልታደርጊ ይዘሽብኝ መጣሽ?»

ኤሌክትሪሺያኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እትዬ ክንዱን ያዘችና ወደ ፊት ሳበችው።

«አልገደላትም» አለች። «ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ያልኩትም ውሸት ነው። ሳቂታ የሞተችው እናቴ በሞቱበት ነው። እኔም ውስጥ አለ፣ አንቺም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ክፈቺ፣ የእኔ እህት። ካላመንሽኝ አትመኚኝ፣ ልጆችሽን ብቻ አስመርምሪ።»

ልብስ ሰፊዋ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የሰንሰለቱ ድምፅ ተሰማ፤ በሩም ተከፈተ። አንድ ላይ አላስቀመጠቻቸውም፤ እትዬን ሶፋው ላይ፣ እሱን ከመስፊያ ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ። እሱ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ያን ያህል ሲናገር እትዬ ሰምታው አታውቅም።

ከሦስቱ ልጆች መካከለኛው፣ ሲዋኝ አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ ያወጡት ልጅ፣ እንደ ሚጣ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ጀምሯል። እናቱ ስትሰማ ቢሮው ውስጥ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብላ ሐኪሟን ደጋግማ አፋጠጠቻት፤ እትዬ ከጎኗ ቁጭ ብላ አንድም ጊዜ ሳታቻኩላት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።